የዋልያዎቹ 9 ነጥብ ከጅቡቲ ካርቲየ 4 ሲታይ

ካርቲየ 4፣ ጅቡቲ ከተማ — የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን የ2026ቱን የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ በ10 ጨዋታዎች 9 ነጥብ ሰብስቦ አጠናቋል። ሁለት ጊዜ አሸነፈ፣ ሦስት ጊዜ አቻ ወጣ፣ አምስት ጊዜ ተሸነፈ። 9 ጎል አስቆጥሮ 14 ተቆጠረበት። ይህ ውጤት ሕዝብን አንገት የሚያስደፋ ውርደት አይደለም፤ አደባባይ የሚያስወጣ ድልም አይደለም። መካከል ላይ ያለ፣ በቀላሉ የሚረሳና ብዙ ጥያቄ ሳያስነሳ የሚያልፍ ዓይነት ውጤት ነው።

ጥያቄ ሊነሳበት የሚገባውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከእነዚያ 9 ነጥቦች አራቱ፣ ከ9 ጎሎች ደግሞ ሰባቱ የተገኙት ከአንድ ተጋጣሚ ነው፤ ከጅቡቲ። ዋልያዎቹ ከጅቡቲ ጋር 1 ለ 1 እና 6 ለ 1 ተለያይተዋል። እነዚህ ሁለት ጨዋታዎች ከሰንጠረዡ ሲወጡ የሚቀረው ስምንት ጨዋታ፣ 5 ነጥብ፣ የገባ ጎል 2፣ የተቆጠረበት 12 ነው። ከግብፅ፣ ከቡርኪና ፋሶ፣ ከሴራሊዮንና ከጊኒ ቢሳው ጋር በጠቅላላው 720 ደቂቃ ተጫውቶ ሁለት ጎል ብቻ ያገባ ቡድን መካከለኛ ነው ማለት ያስቸግራል።

ይህን ስሌት አዲስ አበባ ላይ ሆኖ መሥራት ይቻላል። ከካርቲየ 4 ሲታይ ግን ሌላ መልክ አለው፤ እዚህ ሁለቱም ቡድኖች የሰፈሩ ቡድኖች ናቸውና።

ካርቲየ 4 በፈረንሳይ ቅኝ አገዛዝ ዘመን ለአገሬው ሰው መኖሪያነት ተከልለው ከ1 እስከ 7 በቁጥር ከተሰየሙት የከተማዋ ሰፈሮች አንዱ ነው። በመንገዱ ሶማልኛ፣ አፋርኛ፣ ዐረብኛና ፈረንሳይኛ ይሰማል፤ አማርኛም ባይተዋር አይደለም። ሹፌሩ፣ የምግብ ቤት ሠራተኛዋ፣ የቀን ሠራተኛው፣ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገራት ለመሻገር መጥቶ የቀረው ወጣት ሁሉ እዚህ አለ። ፀሐይ ስትበርድ ልጆች አስፋልቱ ላይ ድንጋይ አስቀምጠው ጎል ያበጃሉ። ማታ ቴሌቪዥን ያለው ሻይ ቤት ይሞላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ነው። ኢትዮጵያና ጅቡቲ ሲገናኙ ግን ቤቱ በሁለት ይከፈላል፤ ከሁለቱም ወገን ዘመድ ያለው ሰው ደግሞ የት እንደሚቀመጥ ይቸገራል።

ሁለቱ ቡድኖች በዚህ ማጣሪያ የተገናኙት እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ሰኔ 9 ቀን 2024 እና መጋቢት 24 ቀን 2025 ነበር። የመጀመሪያው የጅቡቲ፣ ሁለተኛው የኢትዮጵያ ባለሜዳነት ተብሎ ተመዘገበ። ሁለቱም የተካሄዱት ግን በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር በምትገኘው የሞሮኮ ከተማ ኤል ጀዲዳ፣ በአንድ ስታዲየም ነው። ከካርቲየ 4 እስከ ኤል ጀዲዳ ያለው የአየር ርቀት ከ5 ሺህ ኪሎ ሜትር ይበልጣል።

ሁለቱ አገራት በ752 ኪሎ ሜትር የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር የተገናኙ ጎረቤቶች ናቸው። የኢትዮጵያ የወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በጅቡቲ ወደብ ነው። ጫት ጠዋት ከሐረርጌ ተነስቶ ከሰዓት በኋላ በዚህ ሰፈር ጉልቶች ላይ ይዘረጋል። ድሬዳዋ ስታዲየም ያላት ከተማ ናት፤ ከዚህ ያላት ርቀትም ከ300 ኪሎ ሜትር ብዙም አይዘልም። ሁለቱ ጎረቤታሞች ኳስ ለመጫወት ሲያስቡ ግን የሚሳፈሩት ወደ ሰሜን ምዕራብ አፍሪካ ነው። ነገሩ ተደጋግሞ ስለተለመደ አስቂኝነቱ እንኳ መታየት አቁሟል።

ምክንያቱ ይታወቃል። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) የሁለቱንም አገራት ስታዲየሞች ለብሔራዊ ቡድን ጨዋታ ብቁ አይደሉም ብሏል። የኢትዮጵያ ስደት የጀመረው በ2021 መገባደጃ ነው። በዚያው ዓመት ጥቅምት 9 ቀን ዋልያዎቹ ለኳታሩ ዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ባሕር ዳር ላይ በደቡብ አፍሪካ 3 ለ 1 ተሸነፉ። ቀጣዩን የ"ሜዳቸውን" ጨዋታ ከጋና ጋር ያደረጉት በጆሃንስበርግ ነበር። ከዚያ በኋላ ማላዊ፣ ሞሮኮ፣ ታንዛኒያ እያለ ቀጠለ። በ2026ቱ ማጣሪያ ኢትዮጵያ በባለሜዳነት ያደረገቻቸው የመጀመሪያዎቹ አራት ጨዋታዎች በሙሉ የተካሄዱት ሞሮኮ ውስጥ ነው። ጅቡቲም 20 ሺህ ሰው የሚይዘውን የሐሰን ጉሌድ አፕቲዶን ስታዲየም ትታ በካይሮ፣ በኤል ጀዲዳና በካዛብላንካ ተንከራታለች።

ስታዲየም ማጣት ምን ያህል ያስከፍላል? መልሱን ለማግኘት አንድ ሌላ 9 ነጥብ ማስታወስ ይጠቅማል።

ኢትዮጵያ በካሜሩን ለተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ያለፈችው በ9 ነጥብ ነበር። በዚያ ማጣሪያ ስድስት ጨዋታ አድርጋ ሦስቱን አሸነፈች፤ ሦስቱም በሜዳዋ የተደረጉ ናቸው። በኅዳር 2019 ኮትዲቯርን ባሕር ዳር ላይ 2 ለ 1፣ በኅዳር 2020 ኒጀርን አዲስ አበባ ላይ 3 ለ 0፣ በመጋቢት 2021 ማዳጋስካርን ባሕር ዳር ላይ 4 ለ 0 ረታች። ከሜዳዋ ውጪ ያደረገቻቸውን ሦስት ጨዋታዎች በሙሉ ተሸነፈች። ከሜዳው ውጪ አንድ ነጥብ እንኳ ያላገኘ ቡድን ምድቡን ሁለተኛ ሆኖ አለፈ ማለት ነው። ከፍታው፣ አየሩ፣ ደጋፊውና ተጫዋቾቹ የለመዱት ሣር ተደማምረው የቡድኑን ድክመት ሸፈኑለት።

ከዚያ በፊት በ2013 የሆነውም ተመሳሳይ ነበር። በሰኔ ወር አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ ደቡብ አፍሪካ 2 ለ 1 ስትሸነፍ ዋልያዎቹ ለብራዚሉ ዓለም ዋንጫ የመጨረሻ ዙር ማጣሪያ መንገዳቸውን ጠረጉ። ጥቅምት ላይ ናይጄሪያ እዚያው መጥታ 2 ለ 1፣ በመልሱም ካላባር ላይ 2 ለ 0 አሸንፋ ሕልሙን አቆመችው። ያም ሆኖ ያ ትውልድ ከዓለም ዋንጫ በሁለት ጨዋታ ርቀት ላይ ቆሞ ነበር። አሁን ያለው ቡድን ከዚያ ምን ያህል እንደራቀ ለመለካት ሰንጠረዡን ማየት በቂ ነው፤ ግብፅ 26፣ ቡርኪና ፋሶ 21፣ ሴራሊዮን 15፣ ጊኒ ቢሳው 10፣ ኢትዮጵያ 9፣ ጅቡቲ 1።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ቀላል ይመስላል፤ ሜዳ ጠፋ፣ ውጤት ጠፋ። በአዲስ አበባ የስፖርት ፕሮግራሞችም ሆነ በካርቲየ 4 የሻይ ቤት ክርክር በብዛት የሚቀርበው ማብራሪያ ይኸው ነው። ነገር ግን ከዚሁ ምድብ የሚነሳ አስቸጋሪ ተቃራኒ ማስረጃ አለ።

በዚህ ምድብ ሜዳ አልባ የነበሩት ኢትዮጵያና ጅቡቲ ብቻ አይደሉም። ሴራሊዮን የፍሪታውኑ ስታዲየሟ እድሳት ላይ በመሆኑ የባለሜዳነት ጨዋታዎቿን በጎረቤት ላይቤሪያ ዋና ከተማ ሞንሮቪያ አድርጋለች። ቡርኪና ፋሶም በዋጋዱጉው የነሐሴ 4 ስታዲየም መዘጋት ምክንያት ለዓመታት ስደተኛ ነበረች፤ ስታዲየሙ ተከፍቶ ግብፅን ያስተናገደችው በመስከረም 2025 ማጣሪያው ሊያልቅ ሲል ነው። ከስድስቱ ቡድኖች አራቱ ከቤታቸው ውጪ ሲያስተናግዱ ቆይተዋል ማለት ነው። ከአራቱ አንዱ 21፣ አንዱ 15 ነጥብ ይዞ ጨርሷል። የሜዳ ማጣት ምክንያትነት እውነት ቢሆንም በኢትዮጵያና በሴራሊዮን መካከል ያለውን የ6 ነጥብ ልዩነት አያስረዳም።

ዋልያዎቹ ራሳቸውም ይህን ምክንያት የሚያፈርሱ ሁለት ምሽቶች አሏቸው። በሰኔ 2022 በሊሎንግዌ ግብፅን በዳዋ ሆቴሳና በሽመልስ በቀለ ጎሎች 2 ለ 0 አሸንፈዋል። በኅዳር 2024 ደግሞ ኪንሻሳ ላይ ዲሞክራቲክ ኮንጎን 2 ለ 1 ረትተዋል። በሁለቱም ጨዋታዎች የኢትዮጵያ ደጋፊ በስታዲየሙ አልነበረም ማለት ይቻላል። ቡድኑ ሲፈልግ ከቤቱ ውጪ ማሸነፍ ይችላል። የማይችለው በተከታታይ ማድረግን ነው።

ልዩነቱ ያለው በተጫዋቾቹ የዕለት ኑሮ ይመስለኛል። የቡርኪና ፋሶና የሴራሊዮን ተሰላፊዎች አብዛኞቹ በአውሮፓ፣ በሰሜን አፍሪካና በሌሎችም ሊጎች የሚጫወቱ ናቸው። ለእነሱ በሳምንት መካከል አውሮፕላን ተሳፍሮ በማያውቁት ከተማ መጫወት የሥራ ጠባይ ነው። የኢትዮጵያ ተሰላፊ ግን በአብዛኛው ከአገር ውስጥ ሊግ የሚመረጥ ነው። ከሊጉ ወጥቶ በሞሮኮ ሜዳ ላይ መሐመድ ሳላህን መግጠም ሁለት ዓለም መሻገር ነው።

ያ ሊግ ድሃ ነው ማለት አይደለም፤ ይልቁን ችግሩ በተቃራኒው በኩል ነው። በ2020 የሊጉ አክሲዮን ማኅበር ከዲኤስቲቪ ጋር ለአምስት ዓመት 68 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ የቴሌቪዥን ስምምነት ተፈራርሟል። ለምሥራቅ አፍሪካ ሊግ ይህ ትልቅ ገንዘብ ነበር። አብዛኞቹ ክለቦች የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ተቋማት በጀት ስለሆነ በትኬት ሽያጭ መኖር አለብን ብለው አይጨነቁም። በ2016 ዓ.ም. ሻምፒዮን የሆነው ባንክ ነው፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የመድን ድርጅት። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋንጫውን የወሰደው ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ባደገበት ዓመት ነው። እንዲህ ያለ ገበያ ውስጥ ጥሩ ተጫዋች በየዓመቱ ክለብ እየቀየረ ደህና የፊርማ ገንዘብ ያገኛል። ቤተሰቡን ትቶ፣ ቋንቋ ሳያውቅ፣ በአነስተኛ ደመወዝ በውጭ አገር ሁለተኛ ዲቪዚዮን የሚጀምርበት ምክንያት የለውም። በግል ሲታይ ውሳኔው ትክክል ነው፤ ብሔራዊ ቡድኑን ግን ያስከፍለዋል።

ሌላም አለ። ሊጉ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በአብዛኛው የሚካሄደው ክለቦች ተሰብስበው በአንድ ከተማ በሚጫወቱበት ሥርዓት ነው፤ አዳማ፣ ሐዋሳ፣ ድሬዳዋ፣ ባሕር ዳር፣ ጅማ እየተዘዋወሩ። ለቴሌቪዥን ቀረጻ፣ ለጉዞ ወጪና ለጸጥታ የሚመች አሠራር ነው፤ በወቅቱም ሌላ አማራጭ ማሰብ ከባድ ነበር። ነገር ግን የጎንደሩ ክለብ ጎንደር፣ የሲዳማው ክለብ በሲዳማ ሕዝብ ፊት የማይጫወትበት ወራት በዛ። ባዶ ወንበር ፊት መጫወት የለመደ ተጫዋች በብሔራዊ ቡድን ማልያም ባዶ ወንበር ፊት ይጫወታል። "ሜዳችን" የሚለው ቃል ራሱ ለአንድ ትውልድ ተጫዋቾች ትርጉሙን እያጣ መጥቷል።

የአሰልጣኝ ለውጡም አልረዳም። ማጣሪያው በገብረመድኅን ኃይሌ ተጀመረ፤ በመሳይ ተፈሪ ቀጠለ። ሁለቱም በአገር ውስጥ ሊግ የተፈተኑ ናቸው። ማንም ቢመጣ ግን ስምንት ጨዋታ ሁለት ጎል ለሚያገባ ቡድን አጥቂ ከየትም አያመጣም፤ በዚህ ላይ ብዙ ቃል ማባከን አያስፈልግም።

አሁን ወደ ጅቡቲ እንመለስ፤ በዚህ ምድብ የእሷ ታሪክ ከኢትዮጵያ ይልቅ አስገራሚ ነውና።

"የቀይ ባሕር ዳርቻ ሰዎች" በሚል ቅጽል የሚጠሩት የጅቡቲ ተጫዋቾች ማጣሪያውን የጀመሩት በኅዳር 2023 ካይሮ ላይ በ6 ለ 0 ሽንፈት ነው። አራቱን ጎሎች ያስቆጠረው ሳላህ ነበር። የማጣሪያው ፍጻሜ ሲቃረብም ያው ቡድን፣ ያው ሰው፤ ጥቅምት 8 ቀን 2025 ካዛብላንካ ላይ ግብፅ ጅቡቲን 3 ለ 0 አሸንፋ ሳላህ ሁለት አግብቶ የዓለም ዋንጫ ትኬቷን ቆረጠች። በመካከሉ ጅቡቲ 10 ጨዋታ ተጫውታ 5 ጎል አግብታ 33 ተቆጠረባት። ብቸኛ ነጥቧን ያገኘችው ከኢትዮጵያ ነው።

ያቺ አንድ ነጥብ በካርቲየ 4 እስካሁን ትወራለች። ከሕዝብ ብዛት አንጻር ነገሩን ለሚያይ ሰው አይገርምም፤ አንድ ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ያላት አገር ከ100 ሚሊዮን በላይ ካላት ጎረቤቷ ጋር እኩል መለያየቷ ነው። በረመዳን ወር የመጣው የመጋቢቱ 6 ለ 1 ደግሞ በሰፈሩ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ከደስታ ይልቅ እፎይታ ያመጣ ይመስል ነበር። ጎረቤትን፣ ያውም አስጠግቶ የሚያኖርን ጎረቤት፣ በስድስት ጎል መምታት ጮክ ብሎ የሚጨፈርበት ነገር አይደለም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ከሁሉ ይበልጣል። ከአፍሪካ ዘጠኙ የምድብ አሸናፊዎች በቀጥታ ወደ ዓለም ዋንጫው ያልፋሉ፤ ከዘጠኙ ሁለተኞች ደግሞ ምርጥ አራቱ ወደ ተጨማሪ ማጣሪያ ይሄዳሉ። ኤርትራ ማጣሪያው ሳይጀመር ራሷን በማግለሏ አንዱ ምድብ በአምስት ቡድን ቀረ። ሁለተኞቹን በእኩል ሚዛን ለማወዳደር ሲባል በሌሎቹ ምድቦች ከመጨረሻው ቡድን ጋር የተደረጉ ጨዋታዎች ከስሌቱ እንዲወጡ ተወሰነ። በምድብ ሀ የመጨረሻዋ ጅቡቲ ናት። ቡርኪና ፋሶ ጅቡቲን 4 ለ 1 እና 6 ለ 0 አሸንፋ ነበር፤ ስድስቱም ነጥብ፣ አሥሩም ጎል ተሰረዘ። 21 የነበረው ነጥቧ 15 ሆነ። ናይጄሪያና ካሜሩንም በዚሁ ስሌት 15 ላይ ቆሙ፤ በጎል ልዩነት የተበለጠችው ቡርኪና ፋሶ ሆነችና ከውድድሩ ወጣች።

በአፍሪካ ቀንድ ያለ አንድ አገር አለመጫወቱ፣ ሌላው መጨረሻ መውጣቱ ተደምሮ የምዕራብ አፍሪካን አንድ ጠንካራ ቡድን ከዓለም ዋንጫ መንገድ አስወጣ። በመጨረሻው ጨዋታ ዋልያዎቹ ዋጋዱጉ ላይ 3 ለ 1 ሲሸነፉ ያስቆጠሯት አንዲት ጎልም በዚያ ጠባብ የጎል ልዩነት ስሌት ውስጥ ተቆጥራለች። ለኢትዮጵያ ምንም ያልጠቀመች ጎል ለቡርኪና ፋሶ ውድ ነበረች።

የቀጣናው ስዕል እንግዲህ ይህ ነው፤ ኤርትራ አልገባችም፣ ሶማሊያና ጅቡቲ የየምድባቸው መጨረሻ ሆኑ፣ ኢትዮጵያ ከጅቡቲ አንድ ደረጃ ከፍ ብላ ጨረሰች። ደቡብ ሱዳንም ከምድቧ ግርጌ አልራቀችም። በዚህ ሰፈር ውስጥ ሲነጻጸር የኢትዮጵያ 9 ነጥብ ደህና ይመስላል። አደገኛውም ይህ ንጽጽር ነው። የጎረቤት ድክመት የራስን ድክመት ይሸፍናል፤ ፌዴሬሽኑም የአንድ ዓመት ሪፖርት ለማሳመር ከ6 ለ 1 የተሻለ ቁጥር አያገኝም።

ለጅቡቲ ፍትሐዊ ለመሆን ግን አንድ ነገር መጨመር ይገባል። የዚህች አገር ኳስ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም ባይባልም፣ ተስፋ የሰጠባቸው ጊዜያት አሉ። በኅዳር 2007 ሶማሊያን 1 ለ 0 አሸንፋ ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ምድብ በቅታለች። በመስከረም 2019 ኤስዋቲኒን እዚሁ ከተማ በሕዝቧ ፊት 2 ለ 1 ረትታ፣ በመልሱ ያለ ጎል ተለያይታ ዳግም ወደ ምድብ ገባች። ያኔ ስታዲየሙ ክፍት ነበር።

በክለብ ደረጃ ደግሞ አርታ ሶላር 7 የሚባለው ቡድን ለቀጣናው እንግዳ የሆነ ሙከራ አድርጓል። በ2020 የቀድሞውን የአርሴናልና የባርሴሎና አማካይ አሌክስ ሶንግን፣ በ2022 ደግሞ የቼልሲውን ሳሎሞን ካሉን አስፈርሟል። ብዙዎች ማስታወቂያ ነው ብለው አጣጣሉት። በ2023 የኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ማጣሪያ ግን ይኸው ክለብ የግብፁን ዛማሌክን በመጀመሪያው ጨዋታ 2 ለ 0 አሸነፈ። በመልሱ 4 ለ 1 ተሸንፎ በጠቅላላ ውጤት 4 ለ 3 ተሰናበተ። ዛማሌክ በዚያ የውድድር ዘመን ዋንጫውን አነሳ። የአህጉሩን ሻምፒዮን በአንድ ጎል ብቻ የተበለጠ የጅቡቲ ክለብ መኖሩን ከሰፈሩ ውጪ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። የኢትዮጵያ ክለብ ለመጨረሻ ጊዜ በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ የምድብ ጨዋታ ሲያደርግ የታየው ቅዱስ ጊዮርጊስ በ2017 ነው።

ከዚህ በኋላ የሚጠበቀው ምንድን ነው? በገንዘብ በኩል ፊፋ ለእያንዳንዱ አባል ፌዴሬሽን ከ2023 እስከ 2026 ባለው የአራት ዓመት መርሐ ግብር እስከ 8 ሚሊዮን ዶላር ድረስ መድቧል። ለጅቡቲ ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ሣር፣ መልበሻ ክፍል፣ መብራት፣ የደጋፊ ወንበር፣ የሕክምና ክፍል፤ ካፍ የሚጠይቃቸው ነገሮች ዝርዝር ለማንም የተሰወረ አይደለም። ዝርዝሩን ለማሟላት የሚጠፋው ጊዜ ግን በውጭ አገር ለሚከፈል የስታዲየም ኪራይ፣ ለሆቴልና ለአውሮፕላን በሚወጣ የውጭ ምንዛሪ ይከፈላል። የውጭ ምንዛሪ እጥረት ላለባት ኢትዮጵያ ይህ ወጪ ከኳስ በላይ ጉዳይ ነው።

አዲስ አበባ ላይ በ2008 ዓ.ም. ግንባታው የተጀመረው፣ ከ60 ሺህ በላይ ሰው ይይዛል የተባለው የአደይ አበባ ስታዲየም ከአንድ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ወደ ሌላው እየተሸጋገረ ነው። ግንባታው ሲጀመር የአምስት ዓመት ልጅ የነበረ ታዳጊ አሁን ለወጣት ብሔራዊ ቡድን የሚመረጥበት ዕድሜ ላይ ደርሷል። መንግሥት በጥቅምት 2024 የካፍ ጠቅላላ ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ በተካሄደበት ወቅት የ2029ኙን የአፍሪካ ዋንጫ ማስተናገድ እንደሚፈልግ ገልጿል። አገሪቱ የውድድሩ መሥራች ናት፤ በ1962 እዚያው አዲስ አበባ ላይ ግብፅን በፍጻሜው 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን ወስዳለች። በ1968 እና በ1976ም አስተናግዳለች። የማስተናገድ ጥያቄው ታሪካዊ መብት አለው። ከዚያ በፊት ግን መመለስ ያለበት ጥያቄ አንሶ ይታያል፤ ብሔራዊ ቡድኑ ሁሉንም የባለሜዳነት ጨዋታዎቹን በአገሩ ሣር ላይ የሚያደርገው መቼ ነው?

ከጅቡቲ ለሚያየው ሰው ጥያቄው የበለጠ ተጨባጭ ነው። አዲስ አበባ ላይ ጨዋታ ቢኖር ባቡር አለ። ድሬዳዋ ላይ ቢሆን የአንድ ቀን መንገድ ነው። የዚህ ሰፈር ልጆች፣ የጅቡቲውም የኢትዮጵያውም፣ ብሔራዊ ቡድናቸውን በዓይናቸው አይተው አያውቁም ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ከ2021 በፊት ሕፃናት ነበሩ። ሳላህን በሊቨርፑል ማልያ በየሳምንቱ ሲያዩት ኖረዋል። የራሳቸውን አገር አጥቂ ስም ግን ብዙዎቹ አያውቁም፤ አስፋልቱ ላይ ጎል ሲያገቡ የሚጮኹትም የማንን ስም እንደሆነ ለመገመት አያዳግትም።